በአንድ ኤልኢዲ መብራት የኩራዝ ምሽት መቅረጽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ የመመረቂያ ፊልም ትዝ አለኝ። በፊልማችን አያትየዋ ማታ ኩራዝ አጠገብ ተቀምጣ ታወራለች፣ ያለን አንድ ኤልኢዲ ብቻ ነው፣ ፊቷ ጠፍጣፋ ሆኖ ግድግዳው ቦግ አለብን ብለሻል። እኛም እዚሁ ላይ ነው የተቸገርነው።

መብራቱን ካሜራው አጠገብ አቁመነው ነበር። የተዋናይዋ ፊት ጨለመ እያልን ብርሃን እንጨምራለን፤ የሚደምቀው ግን ከኋላዋ ያለው ነጭ ግድግዳ ነው። መጨረሻ ላይ ሁሉንም አጠፋንና ከዜሮ ጀመርን። ኤልኢዲውን ኩራዙ ባለበት በኩል፣ ካሜራው ከሚያየው ውጭ፣ ከጎኗ አደረግነው። ቁመቱንም ከኩራዙ ብዙ እንዳይበልጥ ዝቅ አደረግነው፤ ከላይ ከመጣ የኮርኒስ አምፖል ነው የሚመስለው። ከዚያ ፊት ለፊቱ ነጠላ ወጠርን።

በቃ፣ ፊቷ መጣ! ጠይም ቆዳ የሚያምረው ብርሃን ሲበዛበት ሳይሆን ሲያንጸባርቅ ነው። ሰፊና ለስላሳ ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ጉንጯ አጥንት ላይ፣ ግንባሯ ላይ፣ አፍንጫዋ ጠርዝ ላይ ቀጭን ወዝ ይወጣል። እሱን ወዝ ፈልጊ። ሜካፕ የምትሠራላችሁ ልጅ ፓውደር ልታበዛ ስትል አስቁሚያት።

ነጠላው በተቻለ መጠን ለፊቷ ይቅረብ፤ በቀረበ ቁጥር ይለሰልሳል። አያትየዋን ደግሞ ከግድግዳው አርቂያት። ከመብራቱ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ገደማ ስለሚወርድ ግድግዳው ራሱ ይጨልምልሻል። በተለመደው አምፖል ከሆነ ግን ጨርቁን አታስጠጊ። የኛ አንዴ መሽተት ጀምሮ ነው የደረስንበት።

ኤልኢዲው ቀለም የሚቀይር ከሆነ 3200 ኬልቪን (ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን) ላይ፣ የካሜራውን ዋይት ባላንስ፣ ማለትም የምስሉን የቀለም ሙቀት የሚያስተካክለውን፣ 4500 አካባቢ አድርጊ። አውቶ ላይ ከተውሽው የኩራዙን ሙቀት ይበላዋል። በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሸተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያገኝበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርገሽ ቅረጪ፤ የቤት መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ምስሉ ላይ መስመር እንዳይሮጥብሽ ይረዳል።

እሳቱ እንዲወዛወዝ አንድ ጓደኛችን ጣቶቹን መብራቱ ፊት ቀስ እያለ ያንቀሳቅስ ነበር። ሲበዛ ያስታውቃል፣ በጣም ትንሽ ይበቃል።

ከቀረጻው በፊት አንድ ምሽት ለሙከራ ብቻ ያዢ። የምትቀመጥልሽ ሰው በመልክ ከአያትየዋ ጋር ትቀራረብ። ለኛ የተቀመጠችልን ልጅ ቀይ ነበረች፤ በማግስቱ ጠይሟ ተዋናይ ስትመጣ ሁሉን እንደ አዲስ አስተካክለን፣ መቅረጽ የጀመርነው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው።