መልስ፦ ሞተር ሳይክል ከቫን ኋላ ጭኖ ሐረጎን ስለመውጣት

ወንድሜ፣ ከኮምቦልቻ በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ ወጥተህ ላሊበላ ስትሄድ ሞተርህን አልጋ ባለው ቫንህ ኋላ መጫን ይቻል እንደሆነ ጠይቀሃል። ይቻላል። ግን መጫኛውን ፓራውልቱ ላይ እንዳታስበይደው! ሻንሲው (የመኪናው ዋና የብረት አጽም) ላይ ይታሰር። 120 ኪሎ ሞተር ከኋላ ጎማ አልፎ ሲንጠለጠል የመኪናውን ፊት ያነሳዋል። ሐረጎ ጥምዝ ላይ መሪው ቅልል ሲልህ ታውቀዋለህ። ውሃህንና ከባዱን ዕቃ ወደ ፊት አምጣው።

መወጠሪያ ባላቸው አራት ቀበቶዎች እሰረው፤ የሞተሩ የፊት ሞላ ትንሽ ዝቅ እስኪል ሳብ። የፊት ጎማውንም ለብቻው። በጎን ማቆሚያው አታቁመው። እኔ አንዴ ደሴ ስደርስ አንዱ ቀበቶ ላልቶ፣ ታንኩን እስከ ብረቱ ልጦት አገኘሁት። አሁን ከተነሳሁ 10 ኪሎ ሜትር ላይ ወርጄ እያንዳንዱን በእጄ ሳልስብ አልቀጥልም።

ታርጋውና የፍሬን መብራቱ እንዳይሸፈኑ አደራ። የደሴ ጉም ሲወርድ ከኋላህ ያለው የሚያየው መብራትህን ብቻ ነው።