መልስ፦ ባንክ የመለሰው የቦርድ ቃለ ጉባኤ

አራት ኪሎ ያለው የጋራ ሕንፃ ማህበራችሁ የባንክ ሂሳብ ፈራሚ ለመቀየር የጻፈው ቃለ ጉባኤ ከባንክ ለምን እንደተመለሰ ለጠየቅከው ወንድሜ፦

መጀመሪያ የውሳኔውን አንቀጽ እይ። «ፈራሚ እንዲቀየር ተስማምተናል» ብቻ አይበቃም። የሚነሳውና የሚተካው ሰው ስም እስከ አያት፣ ልክ መታወቂያው ላይ እንዳለው ይጻፍ፤ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» እንኳ ሊያስመልስ ይችላል። የሂሳብ ቁጥሩም፣ ፊርማው በጣምራ (ፈራሚዎቹ አብረው) ወይስ በነጠላ (አንዱ ብቻውን) መሆኑም አይዘለል፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

ቀን፣ ቦታ፣ አጀንዳ፣ የተገኙና የቀሩ አባላት ከላይ ይስፈሩ። ምልአተ ጉባኤውን፣ ማለትም ለመወሰን መገኘት ያለበትን የአባላት ቁጥር፣ ከመተዳደሪያ ደንባችሁ አረጋግጡ፤ ካልሞላ ውሳኔው አይጸናም። ስርዝ ድልዝ ካለበት እንደገና ይገልበጥ። በየገጹ ይፈረም፣ ባዶው ቦታ በሰረዝ ይዘጋ። ቦርዱ አዲስ ከሆነ የተመረጠበትን የጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤም ማህተም ካረፈበት ሸኚ ደብዳቤ ጋር አያይዙ።