የመግቢያ በር ዋጋ በካሬ አይወጣም፦ ለወጣት ቀለም ቀቢዎች

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ቀለም ቀቢ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ የመግቢያ በሩንና መቃኑን ብቻ ቀቢልኝ የሚል ደንበኛ መጣ። በካሬ ሳሰላው የማይረባ ገንዘብ ሆነብኝ፤ ከፍ አድርጌ ልጠይቅ ስል ደግሞ አፈርኩ። ስንት ልበል?» «በካሬ ሳይሆን በጊዜ አስቢው» ብዬ በአንድ መስመር ልመልስላት ነበር። ግን አንድ የቆየ ነገር መጣብኝና መስመሩን ሳልጨርስ ቀረሁ። ሌሎቻችሁም ይህንኑ ስለምትጠይቁ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

የልጅቷ ግራ መጋባት እውነት አለው። ሒሳቡን እንሥራው። 90 ሴንቲ ሜትር በ2.10 ሜትር የሆነ በር አንዱ ገጹ 1.89 ካሬ ነው። የመቃኑ ሁለት ቋሚዎችና የላይኛው አግዳሚ ሲደመሩ 5.10 ሜትር ርዝመት አላቸው፤ ፊቱና የውስጥ ጎኑ አንድ ላይ 20 ሴንቲ ቢሰፋ አንድ ካሬ ገደማ ይሆናል። በውጭ በኩል ያለው ሁሉ ተደምሮ ሦስት ካሬ አይሞላም ማለት ነው። አንድ ሊትር ቀለም አሥር ካሬ ያህል ስለሚሸፍን፣ ለሁለት እጅ፣ ማለትም ሁለት ጊዜ ለመቀባት፣ 600 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል። ደንበኛው ይህን ቁጥር ባያውቅም ቆርቆሮው ትንሽ መሆኑን በዓይኑ ያያል። «ለዚህች?» የሚለው ለዚያ ነው።

እሱ የማያየው ጊዜውን ነው። ሙሉ ቤት ስትቀቡ አንዱ ክፍል ሲደርቅ ወደ ሌላው ትሻገራላችሁ፤ ማድረቂያ ጊዜው በነጻ ያልፋል። አንድ በር ብቻ ሲሆን ግን መሻገሪያ የለም። የቅባት ቀለም ከሆነ ሁለተኛውን እጅ ለመድገም ማደር አለበት። ስለዚህ አንድ ቀን ማጠብ፣ መፋቅ፣ ስንጥቅ የሚደፍነው ስቱኮና ከቀለሙ በፊት የሚቀባው ፕራይመር፤ በማግስቱ የመጀመሪያው እጅ፤ በሦስተኛው ቀን የመጨረሻው። ለሦስት ካሬ ሦስት ጊዜ መመላለስ ነው። የውሃ ቀለም በሰዓታት ውስጥ ስለሚደገም መመላለሱን ይቀንሳል፤ እሱም ቢሆን ሲነካ ደረቀ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም፤ በደንብ እስኪጠነክር ሳምንታት ይወስድበታል። በዚያ ላይ የመግቢያ በር ነው፤ ተከፍቶ መዋል አለበት፣ ማታ ደግሞ መቆለፍ አለበት። የመኝታ ቤት በር እንዲህ አያስቸግርም።

የቆየው ነገር ይህ ነው። የራሴን ሥራ ከጀመርኩ ሰንብቼ ነበር፤ በእጄ የምኮራበት፣ በአፌ ግን ብዙም የማልችልበት ጊዜ። አንዲት ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ የፊት በራቸውን ከነመቃኑ እንድቀባላቸው አስጠሩኝ። በሩ የድሮ ጥሩ እንጨት ነው፣ ባለ አራት ገበታ፤ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ቀለሙ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነሣስቷል። ጥፍሬን ስንጥቁ ውስጥ ሰድጄ አንዲት ቅርፊት ላጥኩና ጠርዟን አየሁት። ከላይ ቡናማ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ክሬም፣ ከሁሉም በታች አንድ የደበዘዘ ወፍራም ሽፋን። የመቃኑን እግር በመፍቻ ጫፍ ነካ ሳደርገው ገባልኝ፤ ውሃ ጠጥቶ ላልቷል። እዚያው ቆሜ ቀኖቹን ቆጠርኩና ዋጋዬን ተናገርኩ።

እትዬ ሳቁ። «ሁለት ሜትር እንጨት እኮ ነው! ሳሎኑን ከነኮርኒሱ ያስቀባሁት በዚህ ዋጋ ነው። ምኑ ነው እንዲህ ያስወደደው?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ክርክር አልነበረም። ዕድሜ ልካቸውን ለእጅ ሥራ ዋጋ ሲያወጡ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ማወቅ ነው የፈለጉት። እኔ ግን እንደ ክርክር ሰማሁት። «የሥራው ዋጋ ይኸው ነው እትዬ፤ እንግዲህ እንደፈቀዱ» ብዬ ዕቃዬን አነሣሁና ወጣሁ። መንገድ ላይ ሳለሁ እንዲያውም ክብሬን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር።

ሥራውን ሌላ ልጅ በግማሽ ዋጋ ወሰደው። ጠዋት ጀምሮ ማታ ጨረሰ። አሮጌውን የሚያብረቀርቅ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት እንኳ ሳያሻክር ወፍራም የቅባት ቀለም ደረበበት፤ ለዓይን አምሮ ነበር አሉ። መሽቷልና እትዬ በሩን ዘግተው ቆልፈው ተኙ። ጠዋት ቁልፉን ቢያዞሩት ዞረ፣ በሩ ግን አልላቀቅም አለ። ቀለሙ ከቀለም ጋር ተጣብቆ አድሯል። እሳቸው ከውስጥ እየጎተቱ፣ የጎረቤት ልጅ ከውጭ በትከሻው እየገፋ ሲከፈት፣ የመቃኑ ቀለም ከላይ እስከ ታች እንደ ቆዳ ተገፎ ከነእንጨቱ ስንጣሪ በበሩ ጠርዝ ላይ ቀረ። በዚያ ዕድሜያቸው ብቻቸውን ከውስጥ ተዘግቶባቸው መቆየታቸውን ሳስብ አሁንም ደስ አይለኝም።

መልሰው አስጠሩኝ። ሥራው ከመጀመሪያው የባሰ ሆኖ ጠበቀኝ፤ አሁን ያልጠነከረውን አዲስ ቀለምም ማንሣት አለ፤ እሱ ደግሞ ብርጭቆ ወረቀቱን እየደፈነ አያስፋቅም። እትዬ ወንበራቸውን ከበሩ አጠገብ አድርገው የቀሚስ ጠርዝ እየዘመዘሙ ያዩኛል። በየመሐሉ ይጠይቃሉ፤ እኔም ያን ቀን ያልተናገርኩትን ሁሉ ተናገርኩ። የበሩ ገበታ ሰፊ ነው፣ ብሩሹ ሲሄድበት አይደናቀፍም። መቃኑ ግን በአንድ በኩል ግድግዳ አለው፣ በአንድ በኩል ማጠፊያ፣ በአንድ በኩል በሩ የሚያርፍበት ጠርዝ፤ በየሜትሩ እጅ ይቆማል። ትንሹ ነገር ነው ጊዜውን የሚበላው አልኳቸው።

መርፌያቸውን አቆሙ። «ኮሌታ ነዋ!» አሉ። «የኮት ጀርባ ያን ሁሉ ጨርቅ ይፈጅና በአንድ ትንፋሽ ይሰፋል። ኮሌታው ግን መዳፍ የምታህል ጨርቅ ሆና ግማሽ ቀን ትበላኛለች። በኮሌታ ዋጋ ከስንቱ ጋር ተጣልቻለሁ! ይህንን ያን ቀን ብትለኝ ኖሮ…» አልጨረሱትም፤ ወደ ዝምዝማታቸው ተመለሱ።

ሒሳባቸውን ሳይከራከሩ ከፈሉ። ለአንድ በር ሁለት ጊዜ ከፈሉ ማለት ነው። ተቀበልኩ። ዛሬም ቢሆን ያንን ዋጋ አልቀንሰውም ነበር፤ ልክ ነበርና። ቢሆንም ገንዘቡን ስቆጥር ደስታ አልተሰማኝም፤ የመጀመሪያውን ቀን ሁለት ደቂቃ ቆሜ ባስረዳ ኖሮ የዚያ ልጅ ሥራ ባልኖረ ነበር።

ለዚህ ነው ለጠየቀችኝ ልጅ ቁጥር ብቻ ልኬ መተው ያልፈለግሁት። ዋጋ ስትናገሩ ምን ምን እንደያዘ ቀድማችሁ ዘርዝሩ፦ አንድ ገጽ ነው ሁለት? ጠርዞቹስ? መቃኑ በውጭ ብቻ ነው ወይስ በውስጥም? እጀታውና ቁልፉ ይፈታል ወይስ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናል? መስታወት አለበት? የላላው እንጨት ቢቆረጥ የማን ሒሳብ ነው? ቀለሙን ማን ይገዛል? ይህን ከሰማ በኋላ ቁጥሩን የሰማ ደንበኛ እምቢ ቢላችሁ እንኳ ምን እንደተወ አውቆ ነው የሚተወው። ስለ ብሩሽ ጥራት፣ ስለ አቧራ መጥረግ አልነግራችሁም፤ ያንን የማያውቅ በዚህ ሙያ አይቆይም።

የዘመኑ ልጆች ከእኛ ይልቅ ንጹሕ ትሠራላችሁ፤ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። እኛ ወለሉን ሁሉ ቀለም አንጠባጥበን የምንወጣ ነበርን። ነገር ግን ችኩሎች ናችሁ። በስልክ በተላከ ፎቶ ዋጋ ትናገራላችሁ። ፎቶ የላላ መቃን አያሳይም፣ የቀለም ድርብርብ አያሳይም። በፎቶ ዋጋ አትናገሩ! እርግጥ እኔም በራቸውን አንድ ጊዜ በእጄ ለዳሰስኩት ደንበኞች በፎቶ ተናግሬ አውቃለሁ፤ በአንዳንዱም ከስሬአለሁ።

በሩን በእጅ ስለማየት ካነሣሁ፣ ያስተማረኝ ባለሙያ በደረት ኪሱ ሁልጊዜ ትንሽ መስታወት ይይዝ ነበር። ሰው ፊቱን የሚያይበት እየመሰለው ይቀልድበታል። እሱ ግን ተንበርክኮ መስታወቱን በበሩ ሥር ሰደድ ያደርግና የታችኛውን ጠርዝ ያያል። ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ባዶ እንጨት ነው፤ ለዓይን ስለማይታይ ማንም አይቀባውም። የእንጨቱ ክሮች የሚያልቁበት ቦታ ስለሆነ ግን ውሃ በብዛት የሚጠጣው በዚያና በላይኛው ጠርዝ ነው። በሩ በዝናብ ወራት አብጦ የሚጣበቀው፣ ከታች ጀምሮ ቀለሙ የሚነሣው በዚህ ነው። ለመቀባት በሩን ከማጠፊያው አውርዶ መመለስ ይጠይቃል፤ ከባድ በር ከሆነ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ይህም በዋጋው ውስጥ ይግባ፤ ሲገባም ለደንበኛው አሳዩት። ያ ሰው መስታወቱን ለባለቤቱ ይሰጥና «እስቲ እርስዎም ይዩት» ይል ነበር። ከዚያ በኋላ ዋጋ የተከራከረው ሰው ትዝ አይለኝም።

አሮጌ በር ላይ ደግሞ የማይታለፍ ጉዳይ አለ፤ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት። በድሮ ቀለሞች ውስጥ ይጨመር ነበር፤ አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት ቀለም የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ሌላው ዓለም አብዛኛው ከዚያም ዘግይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል፤ ይበልጥ የሚጎዳውም ሕፃናትን ነው። ድርብርብ አሮጌ ቀለም ካገኛችሁ በደረቁ አትፋቁ፣ በእሳት ነበልባልም አታቃጥሉ። አርጥባችሁ ፋቁ፣ ከሥሩ ፕላስቲክ አንጥፉ፣ የአፍንጫ መሸፈኛችሁ ለደቃቅ አቧራ የሚሆን ይሁን፣ ልጆች ከአካባቢው ይራቁ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሥራ ስለሆነ ዋጋው ይጨምራል። በዚህ ላይ ቅናሽ የሚጠይቃችሁ ካለ ሥራውን ብትተዉት ይሻላል።

ቀለሙም ቢሆን ዋጋ ይለውጣል። ደማቅ ቀይና ቢጫ ብዙውን ጊዜ ከሥራቸው ያለውን በሁለት እጅ አይሸፍኑም፤ ሦስተኛ እጅ ማለት ደግሞ ሌላ ምልልስ ነው። ከሥር ግራጫ ፕራይመር ብታደርጉ ለቀዩ ያግዛል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው በር ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ይሁን ከተባለ፣ በጣም እንደሚግልና ቶሎ እንደሚሰነጠቅ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ምርጫው የእሱ ነው።

ዋጋው በዛብኝ የሚል ደንበኛ ሲመጣ ከዝግጅቱ ላይ አትቀንሱ። የሥራውን መጠን ቀንሱ፦ የውጩን ብቻ፣ የውስጡ ለሌላ ጊዜ። አለበለዚያ ጨምሩለት፤ መስኮቶቹን ወይም የግቢውን በር አብሮ ይስጣችሁና በሩ ሲደርቅ እነሱን ትሠራላችሁ፤ ያኔ የበሩ ዋጋ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። በካሬ አታስቡ ብዬ ነበር፤ ብዙ ሥራ ሲሆን ግን እኔም በካሬ ነው የማስበው።

ጠያቂዬ ሆይ፣ በሩ ብረት መሆኑን የነገርሽኝ መጨረሻ ላይ ነው፤ ያ ሒሳቡን ያቀለዋል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ ድረስ አንሺ፤ አቧራውንና ቅባቱን በቲነር ጥረጊ፤ ሳይውል ሳያድር በዚያው ቀን ዝገት የሚከላከለውን አንቲረስት ቀቢው፤ የተፋቀ ብረት ካደረ መልሶ ይዝጋል። ጎማ ማሸጊያ ካለው ፍቺው፣ ቀለም አይንካው። ጠዋት ቀብተሽ እስኪመሽ ክፍት ይዋል፤ ማን እንደሚጠብቀውም ከባለቤቱ ጋር ተነጋገሪ፤ አንቺ ከሆንሽ ሰዓቱ ይቆጠርልሽ። እንግዲህ ሰዓትሽን፣ ምልልስሽንና ዕቃሽን ደምረሽ ከአንድ ሙሉ ቀን ክፍያ በታች ከመጣልሽ፣ የሙሉ ቀኑን ጠይቂ። የታችኛው ጥግ በዝገት ተበስቶ ከሆነ ግን ያ የበያጅ ሥራ ነው፤ ከአንቺ ሒሳብ ጋር አትደባልቂው።