ቦንዱ ለምን ከቦታው አይነቃነቅም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ ውስጥ ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ። አባቴ ቡና ነጋዴ ነበሩ፤ ሲያርፉ ለእኔና ለወንድሜ ካወረሱን ነገር አንዱ የአንድ ኢንሹራንስ ኩባንያ አክሲዮን ነው። ወንድሜ አዲስ አበባ ለጠቅላላ ጉባኤ ሲሄድ ዓመታዊ ሪፖርቱን ያመጣልኛል። ዘንድሮ የሁለት ዓመቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳይ «የመንግሥት ቦንድ» በሚለው መስመር ላይ ያለው 10 ሚሊዮን ብር ያው 10 ሚሊዮን ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእኅቴ ልጅ ግን «የገበያ ወለድ ሲጨምር የቦንድ ዋጋ ይወድቃል፤ ስለዚህ ይህ ቁጥር ሐሰት ነው» ብሎ ይከራከረኛል። የቦርድ ሰብሳቢው መልእክት ደግሞ «ከኢንቨስትመንት የተገኘው የወለድ ገቢ በ40 በመቶ አደገ» ይላል። ማንን ልመን? ገጾቹን ፎቶ አንሥቼ ልኬልዎታለሁ።

መልስ፦ እኅቴ፣ ፎቶዎቹ ደርሰውኛል። ማብራሪያ ቁጥር 14 ላይ የአውራ ጣትዎ ጥላ የወለዱን ዓምድ በከፊል ቢሸፍነውም የቀረው ይበቃናል። የእኅትዎ ልጅ የሚያወራው ቦንዱ ዛሬ ቢሸጥ ስለሚያወጣው ዋጋ ነው፤ ሪፖርቱ የሚያወራው ኩባንያው በመዝገቡ ስለያዘበት ዋጋ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ «ሐሰት» የምትለዋን ቃል ብቻ ልጁ ይመልሳት። እኔን የከነከነኝ የሰብሳቢው 40 በመቶ ነው፤ እሱ ጋ እንደርሳለን።

ቦንድ የብድር ውል ነው። በላኩልኝ ገጽ መሠረት ኩባንያዎ 10 ሚሊዮን ብር አበድሮ በዓመት 6 በመቶ፣ ማለትም 600 ሺህ ብር ወለድ ይቀበላል። ውሉ ሊያበቃ የቀረው 4 ዓመት ነው፤ ያን ጊዜ 10 ሚሊዮኑ ይመለሳል። ወለዱ ዝቅ ማለቱ አያስገርምም። መጋቢት 2003 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድቡ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለ በኋላ ኢንሹራንሶችም እንደ ባንኮችና እንደ መንግሥት ሠራተኛው የግድቡን ቦንድ ገዝተዋል፤ የዚያም ወለድ ከ5 እስከ 6 በመቶ ገደማ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ግን ብሔራዊ ባንክ ለሌሎች ወለዶች መነሻ የሚሆነውን የፖሊሲ ወለድ ምጣኔውን 15 በመቶ ብሎ ጀመረ። የድሮው ውል ከአዲሱ ዘመን ጋር አልገጥም ያለው እዚህ ላይ ነው።

እዚያው ሄርማታ ሱቁን ለ5 ዓመት በወር 6 ሺህ ብር ያከራየ ሰው ያስቡ። ጎረቤቱ ዘንድሮ ተመሳሳዩን ሱቅ በ15 ሺህ አከራየ። የሰውዬው ሱቅ ጣሪያው አያፈስም፣ ተከራዩም አንድ ወር አላሳለፈም፤ ነገር ግን ሱቁን ከነውሉ ልሽጥ ቢል ገዢው ውሉን አይቶ ዋጋ ይሰብርበታል። የኩባንያዎም ቦንድ እንዲሁ ነው። ገዢው 15 በመቶ እፈልጋለሁ ቢል በዓመት 600 ሺህ እየከፈለ ከ4 ዓመት በኋላ 10 ሚሊዮን ለሚመልስ ወረቀት ዛሬ የሚሰጠው ወደ 7.43 ሚሊዮን ብር ብቻ ነው። ይህ የእኔ ስሌት ነው፤ የገበያ ጥሪ አይደለም። ለልጁ ይስጡትና በካልኩሌተር ያረጋግጠው።

ታዲያ ከ10 ሚሊዮኑ የጎደለው 2.57 ሚሊዮን ሪፖርቱ ላይ ለምን የለም? በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት የአገራችን ኩባንያዎች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች ያቀርባሉ፤ ባንኮችና ኢንሹራንሶች ከፊተኞቹ ነበሩ። ከደረጃዎቹ 9ኛው ሁለት ነገር ይጠይቃል። ኩባንያው ቦንዱን የያዘው ወለዱንና ዋናውን ለመሰብሰብ ነው ወይስ ለመሸጥ? ቦንዱስ የሚከፍለው ወለድና ዋና ብቻ ነው? መልሱ «ለመሰብሰብ» እና «አዎን» ከሆነ ቦንዱ አሞርታይዝድ ኮስት በሚባለው ዋጋ ይመዘገባል። በተጻፈበት ዋጋ፣ ማለትም ሲያበቃ በሚመለሰው ልክ፣ ለተገዛ ቦንድ ይህ በተግባር የተገዛበት ዋጋ ነው፤ ገበያው ቢወጣም ቢወርድም አይነካውም። ለመሸጥም ለመሰብሰብም የተያዘ ቢሆን ኖሮ የዋጋው ለውጥ ትርፉን ሳይነካ በካፒታል በኩል ያልፍ ነበር፤ ለንግድ የተያዘ ቢሆን ደግሞ በቀጥታ ትርፍና ኪሳራው ውስጥ ይገባና የትርፍ ድርሻዎን በየዓመቱ ያወዛውዘው ነበር።

እኔ ይህን ሕግ አልጠላውም። ቦንዱን እስከ መጨረሻው የሚይዝ ኩባንያ ማንም በማይገበያይበት ዋጋ በየሰኔ 30 ትርፉን ከፍ ዝቅ ቢያደርግ ማንንም አይጠቅምም። የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያችን ራሱ የተከፈተው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። ችግሩ ሌላ ነው፤ ሕጉ የሚደብቀው ነገር አለ። ያ 10 ሚሊዮን በ15 በመቶ ቢቀመጥ በዓመት 1.5 ሚሊዮን ያስገኝ ነበር፤ አሁን 600 ሺህ ነው። በየዓመቱ የሚቀረው 900 ሺህ ብር በየትኛውም ገጽ ላይ በኪሳራ ስም አይጻፍም፤ ዝም ብሎ ሳይመጣ ይቀራል። የ4 ዓመቱን 900 ሺህ በ15 በመቶ ወደ ዛሬ ዋጋ ቢመልሱት ስንት ይሆናል? ያው 2.57 ሚሊዮን። ልጁ ዛሬ በአንድ ጊዜ የሚያየውን ጉድለት ሪፖርቱ በ4 ዓመት ከፋፍሎ በዝምታ ያሳልፈዋል። የዋጋ ንረት በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ እንደነበር ሲያስታውሱ ደግሞ 6 በመቶ ወለድ የብሩን አቅም እንዳልጠበቀ አስረጂ አያስፈልግዎትም።

አሁን ጣትዎ ያልሸፈነውን የገጹን ግርጌ ይመልከቱ። «የቦንዱ ትክክለኛ ዋጋ ከመዝገብ ዋጋው ጉልህ ልዩነት የለውም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ትክክለኛ ዋጋ» የሚሉት ዛሬ ቢሸጥ የሚያወጣውን ነው። የሒሳብ ደረጃዎቹ በገበያ ዋጋ ያልተመዘገበ ንብረት ትክክለኛ ዋጋው በማብራሪያ እንዲገለጽ ያዝዛሉ፤ ይህን ግዴታ ለመወጣት የተጻፈ ነው። ለ3 ወር ተቀማጭ ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው። 4 ዓመት ለቀረው የ6 በመቶ ቦንድ ግን እንዴት ብሎ? እኔ በኢንሹራንስ ሒሳብ ክፍል ስሠራ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ካለፈው ዓመት ሪፖርት ተገልብጦ ሲገባ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሰኔ መጨረሻ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ መብራት ጠፍቶ በሻማ የወለድ ሠንጠረዥ የሚሠራ ሰው አዲስ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ትዕግሥቱ አይኖረውም። ባለአክሲዮን ግን ሊጠይቅበት መብቱ ነው፤ ወንድምዎ በሚቀጥለው ጉባኤ እጁን ያውጣና «በስንት በመቶ አስልታችሁ ነው ልዩነት የለውም ያላችሁት?» ይበል።

የሰብሳቢው 40 በመቶ ዘንድ ደረስን። የወለድ ገቢው ከ6 ሚሊዮን ወደ 8.4 ሚሊዮን ብር ወጥቷል፤ እውነት ነው፣ 40 በመቶ ነው። ገቢውን ያስገኘውን ገንዘብስ አይተዋል? ወለድ የሚያስገኘው ሀብት፣ ተቀማጩም ቦንዱም የግምጃ ቤት ሰነዱም (የመንግሥት የአጭር ጊዜ ብድር) ተደምሮ፣ ከሁለት ዓመት በፊት 60፣ ዓምና 80፣ ዘንድሮ 120 ሚሊዮን ብር ነው። የዓምናው አማካይ 70 ሚሊዮን ስለሆነ 6 ሚሊዮኑ 8.57 በመቶ ነው። የዘንድሮው አማካይ 100 ሚሊዮን ስለሆነ 8.4 ሚሊዮኑ 8.4 በመቶ ነው። ገቢው ያደገው ደንበኞች ብዙ አረቦን ስለከፈሉና የሚቀመጠው ገንዘብ ስለበዛ ነው፤ እያንዳንዱ ብር ግን ካምናው ጥቂት ያነሰ ሠርቷል። ሰብሳቢው አልዋሹም፤ ከሁለቱ ቁጥሮች ፎቶዋቸው አጠገብ የሚያምረውን መርጠው ነው። ከዚህ በኋላ «አደገ» የሚል ቃል ባዩ ቁጥር ገቢውን ለአማካይ ሀብቱ ያካፍሉት፤ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫውንም ይክፈቱ፤ «የተሰበሰበ ወለድ» የሚል መስመር አለ። በገቢ የተመዘገበው 8.4 ሚሊዮን ሲሆን የተሰበሰበው 7.9 ነው። ግማሽ ሚሊዮኑ ተቆጥሮ ገና እጅ ያልገባ ነው፤ በራሱ ነውር የለውም፣ የቦንድ ወለድ ቀኑ ሰኔ 30ን ጠብቆ አይመጣም። በየዓመቱ እየሰፋ ከሄደ ግን ይጠይቁ።

ምናልባት ልጁ «አገራችን ቦንዷን መክፈል አቅቷት የለም ወይ» ይልዎ ይሆናል። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ያልተከፈለው 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ በውጭ ገበያ በ2007 ዓ.ም. የተሸጠው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ነው። የኩባንያዎ ቦንድ የብር ዕዳ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ አይፍጩ። ለዚህም ነው ማብራሪያው ላይ ተበዳሪው ባይከፍልስ ተብሎ ለቦንዱ የተያዘው የብድር ኪሳራ መጠባበቂያ እጅግ ትንሽ የሆነው።

ጥያቄ፦ አጋሮ ነኝ፤ የጭነት አይሱዙ አለኝ። ጊቤ ቁልቁለት ላይ ተገልብጣብኝ ካሳ ከጠየቅሁ ወራት አልፈዋል። የኢንሹራንሱ ሠራተኛ «ገንዘባችን ቦንድ ውስጥ ታስሮ ነው፣ ታገሥ» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ነፍስዎን ስላተረፈ እናመስግን። ሠራተኛው የነገረዎት ግን ሰበብ ነው። ብሔራዊ ባንክ ኢንሹራንሶች ገንዘባቸውን የት የት እንደሚያስቀምጡ በመመሪያ ይወስናል፤ ትልቁ ድርሻ በባንክ ተቀማጭና በግምጃ ቤት ሰነድ እንዲያዝ የተፈለገውም ካሳ ሲመጣ እንዲደርስ ነው። በእርግጥ የታሰረ ገንዘብ አለ። በኢንሹራንስ ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 መሠረት ኩባንያው ከተከፈለ ካፒታሉ 15 በመቶውን በጥሬ ገንዘብ ወይም በመንግሥት ሰነድ ብሔራዊ ባንክ ዘንድ ያስቀምጣል፤ እንደፈለገ አያነሣውም። የእርስዎ አይሱዙ ካሳ ግን ከዚያ አይደለም የሚከፈለው።

በኖርኩበት ሥራ ካሳ የሚዘገየው አብዛኛውን ጊዜ በወረቀት ነው፦ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት አልመጣም፣ የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ደረጃ ከመኪናው ጋር አልገጠመም፣ ቦሎው አልታደሰም፣ የጋራዡ ፕሮፎርማና የገማቹ ግምት አልተስማማም። የጎደለውን ሰነድ በደብዳቤ ይጠይቁ፣ መልሱንም በደብዳቤ ይቀበሉ። መልስ ከከለከሉዎት አቤቱታዎን ለብሔራዊ ባንክ የኢንሹራንስ ቁጥጥር ያቅርቡ። «ቦንድ» የሚለውን ምክንያት በጽሑፍ የሚሰጥዎ ሠራተኛ ያገኛሉ ብዬ አልጠብቅም።

ጥያቄ፦ ከሊሙ ገነት ነኝ፤ የሒሳብ ሠራተኛ። የአንድ ኢንሹራንስ ሪፖርት ላይ ባለ 364 ቀን የግምጃ ቤት ሰነድ በ93.5 ሚሊዮን ብር ተመዝግቦ አየሁ፤ ማብራሪያው ግን የተጻፈበት ዋጋ 100 ሚሊዮን ነው ይላል። 6.5 ሚሊዮኑ የት ሄደ?

መልስ፦ የትም አልሄደም፤ ገና አልመጣም። የግምጃ ቤት ሰነድ በየወሩ ወለድ አይከፍልም፤ በቅናሽ ይገዛና ሲያበቃ ሙሉው ይመለሳል። ኩባንያው ጥር መጀመሪያ ላይ በ87 ሚሊዮን ገዝቶት ከሆነ የዓመቱ ገቢ 13 ሚሊዮን ነው፣ በገዛበት ላይ ሲሰላ ወደ 15 በመቶ። ሰኔ 30 ላይ ግማሽ ያህሉ ጊዜ ስላለፈ ወደ 6.5 ሚሊዮን በገቢ ይመዘገባል፤ 87 ላይ ሲደመር 93.5 ሆነ። የቀረው 6.5 ሚሊዮን የሚቀጥለው በጀት ዓመት ገቢ ነው።