«የአፍንጫ ናሙና ብቻ ነው የሠራሁት» ላለችው የላቦራቶሪ ተመራቂ

ከባሕር ዳር የጻፍሽልኝ እህቴ፣ በሕክምና ላቦራቶሪ ተመርቀሽ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፈሽ ሥራ ፍለጋ ላይ ነሽ። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ሆስፒታል ከተኙ ሕሙማን አፍንጫ ናሙና ወስደሽ መድኃኒት የተላመደውን ስታፍ የተባለ ባክቴሪያ፣ ኤምአርኤስኤን፣ ፈልገሻል። «ይሄ ሲቪ ላይ የሚጻፍ ነው ወይስ ትቼው ሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ ልማር?» ነው ጥያቄሽ።

ይጻፋል፤ አሁን በጻፍሽው መልክ ግን አይደለም። ሲቪሽ «የአፍንጫ ናሙና መውሰድ» ይላል። እሱንማ የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ነርሶችም ይሠሩታል። እንደ ኮቪዱ ጠልቆ የሚገባ እንኳ አይደለም፤ አንዱን ስዋብ (ጫፉ ላይ ጥጥ ያለበትን የናሙና መውሰጃ ዘንግ) በሁለቱም የአፍንጫ ቀዳዳዎች መግቢያ ላይ ማዟዟር ነው። ቀጣሪ የሚፈልገው ውጤቱ ሲወጣ ክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚለወጥ ማስረዳት የሚችል ሰው ነው።

ቃለ መጠይቅ ላይ «አፍንጫው ላይ ተገኝቶበታል፣ አንቲባዮቲክ ይጀመርለት?» ሊሉሽ ይችላሉ። ከጤነኛ ሰው ሦስት አንዱ ገደማ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስን (ስታፍን) አፍንጫው ውስጥ ይዞ ይኖራል፤ ተሸካሚ ሁሉ በሽተኛ አይደለም። ስለዚህ መልስሽ ጓንትና ጋውን፣ የእጅ ንጽሕና፣ ቀዶ ሕክምና ከተያዘለት ደግሞ ለአፍንጫ የሙፒሮሲን አንቲባዮቲክ ቅባትና ክሎርሄክሲዲን በተባለ ጀርም ገዳይ ፈሳሽ መታጠብ ይሁን። ብዙ ተመራቂ የማያነሳው ግን ተቃራኒው ነው። ሳንባ ምች የያዘው ሕመምተኛ የአፍንጫ ምርመራው ኔጌቲቭ ከወጣ፣ ምቹን ያመጣው ኤምአርኤስኤ የመሆኑ ዕድል በጣም ትንሽ ነው፤ ሐኪሙ በጥርጣሬ የጀመረውን ቫንኮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ለማቆም መነሻ ያገኛል። ይህን ከአንድ የላቦራቶሪ ተመራቂ አፍ የሰማ ጠያቂ ብዕሩን ያነሳል።

ሁሉም ታካሚ ይመርመር ወይስ አይመርመር የሚለውን ክርክርም አንብቢ። እንግሊዝ እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ድረስ የሚተኛውን ሁሉ ወደ መመርመር ሄዳ በ2014 ምርመራውን ይበልጥ ተጋላጭ በሆኑት ላይ እንዲያተኩር አደረገች። አሜሪካ ውስጥ በ43 ሆስፒታሎች ተሠርቶ በ2013 የታተመው ጥናት ደግሞ በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ምርመራውን ትቶ ሁሉንም በክሎርሄክሲዲንና በሙፒሮሲን ማጽዳቱ፣ መርምሮ ከመለየት የተሻለ ውጤት እንዳመጣ አሳየ። እኔ ይህን ምርመራው ከንቱ ነው ብዬ አላነበውም። ማንን፣ መቼ፣ ለምን የሚለውን የሚመልስ ባለሙያ ያስፈልጋል ማለት ነው እንጂ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ጽሑፍሽ ውስጥ ቫንኮማይሲንን በዲስክ (መድኃኒቱ በተነከረ ትንሽ ክብ ወረቀት) ሞክረሽ «ተላምዷል» ያልሽበት ሰንጠረዥ ካለ፣ ይዘሽው ቃለ መጠይቅ አትግቢ። ለዚህ ባክቴሪያ የቫንኮማይሲን ዲስክ ከተሻረ ቆይቷል፤ ኤምአይሲ (ባክቴሪያው እንዳያድግ የሚያግደው ዝቅተኛው የመድኃኒት መጠን) ነው የሚፈለገው። ማይክሮባዮሎጂ የሚያውቅ ጠያቂ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ሴፎክሲቲን በተባለው ሌላ አንቲባዮቲክ ዲስክ የሠራሽውን ግን አድምቀሽ ጻፊው፦ «ኤምአርኤስኤን በ30 ማይክሮግራም ሴፎክሲቲን ዲስክ ለይቻለሁ፤ በዲስኩ ዙሪያ ባክቴሪያ ያላደገበት ክብ ስፋቱ 21 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን እንደተላመደ መዝግቤያለሁ።» የጥራት ቁጥጥር ባክቴሪያ አብረሽ ሠርተሽ ከሆነ ያንንም ጨምሪ፤ ካልሠራሽ አትጨምሪ።

የት ታንኳኪ? ካልቸር (ባክቴሪያን አሳድጎ መለየት) የሚሠሩ ሆስፒታሎችን አስቀድሚ፤ ቦታ ባይኖራቸውም የኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴያቸው ውስጥ ማን እንዳለ ጠይቂ። የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የጀርሞችን መድኃኒት መላመድ የሚከታተል ሥራ ስላለው ማስታወቂያዎቹን ተከታተይ። እስከዚያ ሁኔት (WHONET) የተባለውን የላቦራቶሪ መረጃ ሶፍትዌር ኮምፒውተርሽ ላይ ጫኝና የራስሽን ጥናት ዳታ አስገቢበት፤ በነጻ ነው የሚገኘው። ጂን ኤክስፐርት በተባለው የጀርም ዘረመል መመርመሪያ ማሽን ላይ ለቲቢ ሠርተሽ ከሆነም ጻፊው፤ ያው ማሽን በሌላ ካርትሪጅ ኤምአርኤስኤን ከአፍንጫ ናሙና በአንድ ሰዓት ገደማ ይለያል።

ማስተርሱን አሁን አልመክርሽም። ባክቴሪዮሎጂ ቤንች ላይ ሁለት ዓመት ያህል ከሠራሽ በኋላ ክሊኒካል ማይክሮባዮሎጂ ይሻልሽ ወይ ሕብረተሰብ ጤና ራስሽ ትለዪዋለሽ። ሲቪውን አስተካክለሽ መልሰሽ ላኪልኝ፤ ከሁለት ገጽ አይብለጥ።