የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አሮጌው የኢንሹራንስ ፕሮግራምና የወርድ ቅጾቹ

ጥያቄ፦ የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ የኢንሹራንስ ብሮከር ድርጅት የኮምፒውተር ክፍል ነው። የውል ማጠቃለያ፣ የካሳ መጠየቂያ ቅጽና የደንበኛ ደብዳቤ የምናወጣው በቪዥዋል ቤዚክ 6 በተጻፈና መረጃውን ከአክሰስ ዳታቤዝ በሚያገኝ ፕሮግራም ሲሆን፣ ፕሮግራሙ መረጃውን በ97–2003 የወርድ ፎርማት በተዘጋጁ ቅጾች ላይ ይሞላል። አማርኛው ቪዥዋል ግዕዝ በተባለው የቆየ የአማርኛ መጻፊያ የተተየበ ነው። ዊንዶውስ 11 እና 64 ቢት ኦፊስ የተጫነባቸው አዳዲስ ኮምፒውተሮች ገዝተን ስንሞክር ቅጾቹ ላይ ያሉት ቁልፎች አልሠራ አሉ፤ አማርኛውም ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆነ። ፕሮግራሙን የሠራው ባለሙያ ድርጅቱን ከለቀቀ ቆይቷል። ሥራ አስኪያጃችን ሁሉንም በአንድ ጊዜ በአዲስ ሶፍትዌር እንድንተካው ይፈልጋሉ። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው? ከየት ብንጀምር ይሻላል?

መልስ፦ ሥራ አስኪያጅዎ የቸኮሉት በምክንያት ነው። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍም ሆነ የኦፊስ 2016 እና የኦፊስ 2019 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማለትም በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ የደንበኞችን የግል መረጃ የሚይዝ ድርጅትም በአሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ ዝም ብሎ መቀጠል የለበትም። ሁሉን ባንድ ጊዜ መተካቱን ግን አልመክርም፤ ምክንያቱም የገጠማችሁ ችግር የፕሮግራሙ፣ የቅጾቹና የአማርኛ መረጃው ተብሎ በሦስት የሚከፈል ሲሆን፣ የሥራውን ቅደም ተከተል የሚወስነው ሰው ብዙም የማያስበው ሦስተኛው ነው።

ከፕሮግራሙ ልጀምር። ቪዥዋል ቤዚክ 6 በ1998 የወጣ፣ የመሥሪያ መሣሪያው ድጋፍ ደግሞ በ2008 የተቋረጠ ቢሆንም፣ በእሱ የተሠሩ ፕሮግራሞች የሚፈልጉት መሠረታዊ ፋይል ዛሬም ከዊንዶውስ 11 ጋር አብሮ ይመጣል። ቁልፎቹ አልሠራ ያሉት ምናልባት የአክቲቭኤክስ ቁልፎች፣ ማለትም በሰነድ ውስጥ የሚሠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ በመሆናቸው ነው። ለ32 ቢት የተሠራ የአክቲቭኤክስ ቁልፍ በ64 ቢት ወርድ ውስጥ መግባት አይችልም፤ ከዚህም በላይ ኦፊስ 2024፣ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ደግሞ ማይክሮሶፍት 365፣ አክቲቭኤክስን ከመነሻው ዘግተው ነው የሚመጡት። ለጊዜው 64 ቢቱን ኦፊስ አንሥታችሁ 32 ቢቱን ጫኑ፤ የቆየውን የግዕዝ ፎንትም በአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ ጫኑ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ችግር ይቀበሉታል። የተዘጋውን አክቲቭኤክስ መክፈት ግድ ከሆነ ቅጾቹን በሚያወጡት ጥቂት ኮምፒውተሮች ላይ ብቻ ይሁን። የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች በሙሉ ለአንድ አሮጌ ቁልፍ ሲባል ለጥቃት ማጋለጥ ተገቢ አይደለም።

ቅጾቹን በተመለከተ የመጀመሪያው ጥያቄ የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ (ባለሙያው የጻፈው ዋናው የፕሮግራም ጽሑፍ) በእጃችሁ አለ ወይ የሚለው ነው። ከሌለ፣ ፕሮግራሙ መረጃ የሚሞላባቸውን ቦታዎች በስማቸው እየፈለገ የሚያገኝ በመሆኑ፣ ስማቸውንም ዓይነታቸውንም አትንኩ፤ የቆዩት የወርድ የቅጽ መሙያዎች ዛሬም ይሠራሉና ቁልፎቹን ብቻ አስወግዱ። ኮዱ ካለ ግን እያንዳንዱን ቅጽ ወደ አዲሱ የወርድ ፎርማት አዛውሩና ከወርድ 2007 ወዲህ በመጡት የይዘት መቆጣጠሪያዎች (መረጃ የሚሞላባቸው ስም ያላቸው ሣጥኖች) ሥሩት፤ የአረቦን ስሌትና ሌላውን የማክሮ ሥራ ከቅጹ አውጥታችሁ ወደ ፕሮግራሙ ውሰዱ። አዲሱ ፎርማት በዚፕ የታሸገ የኤክስኤምኤል ፋይል ስለሆነ ወደፊት የሚመጣ ማንኛውም ፕሮግራም ወርድን ሳይከፍት ሊሞላው ይችላል። የውል ቃላቱ በሚዛወሩበት ጊዜ ደግሞ የሕግ ባለሙያችሁ ከአሮጌው እትም ጋር ቃል በቃል ያመሳክሩ፤ በኢንሹራንስ ውል ውስጥ አንድ ‹‹ወይም›› ብትወድቅ ጉዳቱ የሚታወቀው ካሳ በሚጠየቅበት ቀን ነው።

አሁን ወደ አማርኛው። ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለኪያ ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል ያካተተው በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል የሚያሳዩት በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ ሥዕሉን በማስቀመጥ ሲሆን፣ ቦታው ስላልበቃም አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፍለውታል። የወርድ ሰነድ እያንዳንዱ ቃል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ስለሚያስታውስ መለወጡ አያስቸግርም። ተራ የአክሰስ የጽሑፍ መስክ ግን ፎንት አያስታውስም፤ የደንበኛው ስም፣ የሻንሲ ቁጥሩና የኢሜይል አድራሻው በእሱ ዘንድ ሁሉም ላቲን ናቸው። ሠንጠረዡን በሙሉ በመለወጫ ፕሮግራም ውስጥ የሚያሳልፍ ሰው የሻንሲ ቁጥሮቹንም ወደ አማርኛ ይቀይራቸዋል። ስለዚህ መስኮቹን አማርኛ ብቻ፣ ላቲን ብቻ፣ ድብልቅ ብላችሁ ለዩ፤ ድብልቁን በእጅ አስተካክሉ። አዲሱን ጽሑፍ በአሮጌው ላይ ሳይሆን አጠገቡ በተፈጠረ መስክ ውስጥ አስቀምጡ፤ ከዚያም መልሳችሁ ወደ አሮጌው በመለወጥ ከመነሻው ጋር ይገጥም እንደሆነ አረጋግጡ። የማይገጥመው መዝገብ ሁሉ በሰው ዓይን ሊታይ ይገባዋል።

የቪዥዋል ቤዚክ 6 መደበኛ የመጻፊያ ሣጥኖች የዩኒኮድ አማርኛን ስለማያሳዩ፣ መረጃው በተለወጠ ማግሥት የአሮጌው ፕሮግራም ገጾች በጥያቄ ምልክት ይሞላሉ። ስለሆነም መረጃው የሚለወጥበትና አዲሱ ፕሮግራም ሥራ የሚጀምርበት ቀን አንድ መሆን አለበት፤ ቅጾቹ ግን ከዚያ ወራት ቀድመው ሊዘጋጁ ይችላሉ። እስከዚያው ቋሚው ጽሑፍ በዩኒኮድ ይሁን፤ ከዳታቤዝ የሚመጣው መረጃ ደግሞ የቆየውን ፎንት በያዘ አንድ ስታይል (የወርድ የጽሑፍ መልክ መወሰኛ) ይውጣ።

ቀኖቹንም ሳትመረምሩ አትለፉ። የኢትዮጵያን ቀን በአክሰስ የቀን መስክ ውስጥ ስትመዘግቡ ኖራችሁ ከሆነ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2015 ‹‹30/2/2015›› ሆኖ ሲገባ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌላት ኮምፒውተሩ እንቢ ይላል፤ ጳጉሜን 5 ቀን 2015 ‹‹5/13/2015›› ተብሎ ሲገባ ግን ምንም ሳያስጠነቅቅ ሜይ 13 ያደርገዋል። የውል ማብቂያ ቀን በዚህ መንገድ ተዛብቶ ከሆነ ከወረቀቱ ፋይል ጋር ማመሳከር ግድ ነው። በአዲሱ ዳታቤዝ አንድ የጎርጎርዮስ ቀን ብቻ ተመዝግቦ የኢትዮጵያው በስሌት እንዲታይ አድርጉ።

የቆዩት ውሎችና ደብዳቤዎች የመጨረሻው አሮጌ ኮምፒውተር ከመነሣቱ በፊት ፎንታቸው ተካቶ ወደ ፒዲኤፍ ኤ፣ ማለትም ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ ወደተዘጋጀው የፒዲኤፍ ዓይነት፣ ይቀየሩ። መልካቸው ትክክል ሆኖ ቢታይም በአማርኛ ቃል ተፈልገው አይገኙም፤ ስለዚህ የውሉን ቁጥርና ዓመት በፋይሉ ስም ላይ ጻፉ።

አዲሱን ሶፍትዌር ከሚሠራላችሁ ድርጅት ጋር ስትዋዋሉ የምንጭ ኮዱ፣ ቅጾቹና የዳታቤዙ ሙሉ ቅጂ ለእናንተ የሚሰጥ መሆኑ በውሉ ውስጥ ይስፈር። ሥራውንም ከደንበኛ ደብዳቤ ጀምሩ፤ የውል ማጠቃለያውን ወደ አዲሱ ፕሮግራም ማዛወር ያለባችሁ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ቢያንስ አንድ ሙሉ የወር መዝጊያ አብረው ሠርተው የታተሙት ወረቀቶች ከተመሳከሩ በኋላ ነው።