የዘር ፈሳሽ ምርመራና አይቪኤፍ፦ ጥያቄና መልስ

መላሹ በባሕር ዳር ለብዙ ዓመታት የዘር ፈሳሽ ሲመረምሩ የኖሩ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናቸው፤ ጠያቂዎቹና ‹‹አባል›› የተባሉት የውይይቱ ተሳታፊዎች ናቸው። አይቪኤፍ የሴት እንቁላልና የወንድ ስፐርም ከሰውነት ውጭ በላቦራቶሪ የሚገናኙበት ሕክምና ነው።

ጥያቄ (ከቀበሌ 14)፦ የባለቤቴ ውጤት በሚሊ ሊትር 11 ሚሊዮን ስፐርም ይላል። አይቪኤፍ ብንሞክር ይሳካልናል?

መልስ፦ እህቴ፣ በአንድ ወረቀት አይፈረድም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው ልክ 16 ሚሊዮን ቢሆንም፣ ቁጥሩ የተወሰደው ሚስቶቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ከጸነሱላቸው ወንዶች ነውና መካንን ከወላድ የሚለይ ድንበር አይደለም። ስፐርም ተሠርቶ እስኪያልቅ 74 ቀን ገደማ ስለሚፈጅ፣ ባለቤትዎን በጥቅምት ወባ ይዟቸው ከነበረ ትኩሳቱ በታኅሣሥ ውጤት ላይ ሊታይ ይችላል፤ ስለዚህ ከሦስት ወር በኋላ ይድገሙት። አንድ ስፐርም በመርፌ ወደ እንቁላል በሚገባበት የአይቪኤፍ ዓይነት፣ በኢክሲ፣ የቁጥር ማነስ ያን ያህል አያግድም፤ የሚያመዝነው የእርስዎ ዕድሜ ነው፤ እሱን ደግሞ አልጻፉም።

ጥያቄ (ከዘጌ)፦ ናሙናውን ከቤት በጀልባ ባመጣስ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። አንድ ወንድም በሳሙና በታጠበ የሽሮፕ ጠርሙስ፣ በጋቢ ጠቅልለው በጠዋት ጀልባ ይዘውልኝ መጡ። በማይክሮስኮፕ ሳየው አንድም የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ለ4 ቀናት ዘር ከማፍሰስ ታቅበው እዚያው ላቦራቶሪያችን ክፍል ውስጥ በንጹሕ ዕቃ ሲሰጡ ግን ከግማሽ በላይ ይንቀሳቀስ ነበር። የሳሙና ቅሪት፣ ቅዝቃዜና የሰዓት መዘግየት ስፐርምን ይገድላሉ፤ ተራ ኮንዶምም እንዲሁ። ከ2 እስከ 7 ቀን ይታቀቡ፤ አብዛኛው ስፐርም በመጀመሪያው ፈሳሽ ስለሚወጣ እሱ ከፈሰሰብዎት አይደብቁ፤ ናሙናው ከአንድ ሰዓት ሳያልፍ መድረስ አለበት። አሁንም እደግመዋለሁ፦ በአንድ ወረቀት አይፈረድም።

ጥያቄ፦ ማርና ጥቁር አዝሙድ ይረዳል?

መልስ፦ ለጣዕም ይረዳል።

ጥያቄ፦ ውጤቴ ጥሩ አይደለም፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የትኛው ውጤት? ቁጥሩ፣ እንቅስቃሴው ወይስ ቅርጹ? ወረቀቱን ይዘው ይመለሱ።

አባል 1፦ በእኛ አገር ግን ችግሩ ሁልጊዜ ከሴቷ ነው ይባላል።

አባል 2፦ አክስቴን ለሰባት ዓመት ከጸበል ጸበል አመላለሷት፤ ባሏ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተመረመረም።

አባል 3፦ ጸበሉን አትንኩ።

መልስ፦ ማንም አልነካውም። ጸበሉም ይቀጥል፣ ባልም ይመርመር፤ የወንዱ ምርመራ ርካሽና ቀላል ሆኖ ሳለ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ መታዘዙ ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ ሁለት ጊዜ ተመርምሬ አንድም ስፐርም አልተገኘም። ትክክለኛ ቅርጽ ያለው ስፐርም ከ4 በመቶ በታች ከሆነስ?

መልስ፦ ምንም ከሌለ ቅርጽ አይጠየቅም። ፈሳሹ በማሽን ተሽከርክሮ ዝቃጩ ካልታየ ‹‹ምንም›› አይባል፤ መውጫው ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ ስፐርም ከዘር ፍሬው ተወስዶ ለኢክሲ ሊውል ይችላል። ለመሆኑ ጂም ውስጥ ቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) ይወጋሉ?

ጠያቂ፦ አዎ፣ ስምንት ወር ሆነኝ።

መልስ፦ ይህን መጀመሪያ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት! መርፌው አንጎል ለዘር ፍሬው የሚልከውን ትእዛዝ ያቋርጣል። ነገ የሆርሞን ሐኪም ያነጋግሩ፤ ካቆሙ በኋላ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፣ ግን ወራት ይፈጃል።